የተራራ ጉልበት፦ በደባርቅና በዳባት መንገድ አሮጌ መኪናን በተጨማሪ ዕቃ ማጠንከር ያዋጣል?

ደባርቅ ላይ መኪና አልስብ ሲል ሐሳብ የማይሰጥ ሰው የለም። ረዳቱ «ፍልትሮው ነው» ይላል። ሾፌሩ «ፖምፓው ደክሟል» ይላል። ጋራዥ በር ላይ ሻይ ይዞ የቆመው ደግሞ «ተርቦ አስገጥምለትና ተገላገል» ብሎ ይፈርዳል። ዋናውን ተጠርጣሪ ግን ማንም ስሙን አያነሣም፤ አየሩን።

ሞተር ሳይወርድ፣ ከውጭ በቡሎን በሚታሰር ዕቃ ብቻ አሮጌ መኪናን ማጠንከር በብዙ አገር የተለመደ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1964 ባለ 6.4 ሊትሩን ፖንቲያክ ጂቲኦ ለገበያ ካወጡ ወዲህ «የጡንቻ መኪና» የሚሉት ወገን አላቸው፤ መካከለኛ ቦዲ ላይ ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነበት ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሰፋ ያለ ካርቡራተር፣ በደንብ የሚያስተነፍስ የጭስ መውጫ፣ የተሻለ የአየር ማስገቢያ ይጨምሩበታል። የሚፈልጉት በቀጥ ያለ አስፋልት ላይ መቅደም ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚፈለገው ሌላ ነው። እዚህ መኪና የሚመሰገነው ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ሲጨርስ፣ ከዚያም ቁልቁለቱን በሰላም ሲወርድ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚገጠመውን ዕቃ ሁሉ በዚህ ሚዛን እናየዋለን፤ የትኛው እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ገንዘብ ማቃጠል እንደሆነ፣ የትኛውስ አደጋ እንደሚጠራ።

አየሩ ሲሳሳ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከዚያ ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስን፣ ገደብዬንና ዳባትን ያለፈ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጨርስ ደባርቅ ይገባል፤ 2,850 ሜትር ገደማ። ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ከታጠፈ ሳንካበርን በ3,250፣ ጨነቅን በ3,620 ሜትር ያገኛል። ወደ ጃናሞራ የሚያሻግረው የቧሂት በር ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል።

በምጽዋ ወደብ ላይ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው ደባርቅ ላይ የሚቀረው ሰባ ግድም ነው። ጨነቅ ላይ ስድሳ አምስት፣ ቧሂት በር ላይ ስድሳ ገደማ ይሆናል። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው። እያንዳንዱን ጠብታ ለማቃጠል ብዙ እጥፍ አየር መሳብ አለበት። አየሩ በሰላሳ በመቶ ከሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የገጠመውን ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ሞተር እንውሰድ፤ የሞዴሉ መለያ ዋን ኤች ዜድ ነው። ፋብሪካው የሰጠው 130 የፈረስ ጉልበት ግድም ነው። ደባርቅ ሲደርስ ወደ 90 ይወርዳል፤ ጨነቅ ላይ ከ85 አይዘልም። ሞተሩ አዲስ ቢሆንም ያው ነው።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከቆላ የመጣ ሾፌር «መኪናዬ ታመመ» ሲል ግማሹ ሕመም የአገሩ ከፍታ ነው። ይህን ያልተረዳ ባለመኪና ያልተበላሸ ነገር ያስጠግናል።

የተራራው ጡንቻዎች

በዚህ መንገድ ጡንቻ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ፊያት 682፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው ነው። «ኤን 3» ከሚለው የሞዴል መለያ የመጣ ስም ነው፤ ትሬ በጣልያንኛ ሦስት ማለት ነው። የብዙዎቹ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ጣልያኖች ከባድ መኪናቸውን እንዲያ ይሠሩ የነበረው ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከጎኑ እንዲያይ ነው ይባላል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወረድበትን ሊማሊሞን ጠርበው መኪና ያስወጡበትም በወረራው ዘመን እነሱው ናቸው። ደባርቅ አጠገብ ወልክፊት ላይ መሽጎ የነበረው ጦራቸው በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቶ ሄዷል፤ የጋራዡ ቋንቋቸው ግን ቀርቷል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ባልስትራ እያልን የምንጠግነው ከዚያ ዘመን በወረስነው አፍ ነው።

ሁለተኛው ላንድክሩዘር ነው። የዘር ግንዱ ራሱ የተራራ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው ሞዴል የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ነው ስሙ የተጠራው። ያ ማረፊያ ግን ከደባርቅ ከተማ ዝቅ ይላል። ጃፓኖች ለጀብዱ የወጡትን ከፍታ የደባርቅ ሾፌር ዘይት ለመለካት ኮፈን የሚከፍትበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የመጡት ስድሳዎቹና በ1984 የመጡት ሰባዎቹ ሞዴሎች ዛሬም በጤና ጽሕፈት ቤት፣ በፓርክና በአስጎብኚ እጅ ሲሠሩ ይታያሉ።

ሦስተኛው አይሱዙ ነው፤ በጭነትነቱም፣ አገር ውስጥ ቦዲ ተሠርቶለት «ቅጥቅጥ» ሲባልም። ጭካኔ በተሞላበት አነዳድ ምክንያት «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል የተለጠፈበትም እሱው ነው። ቅጽሉ የመኪናው ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ጉልበት ካለ ልክ ሲታመን ምን እንደሚከተል ሕዝቡ ያየውን ተናግሯል።

እነዚህ መኪኖች ለምን ይታደሳሉ እንጂ አይተኩም ለሚል ጥያቄ መልሱ በዋጋው ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያ ላይ ከ2013 ወዲህ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ጎብኚ ስላራቀ በአስጎብኚነት የሚተዳደረው ባለመኪና ኪሱ ሳስቷል። ስለዚህ ያለውን አሮጌ መኪና አጠንክሮ መያዝ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ኑሮ ሆኗል።

ከመጨመር በፊት መመለስ

ጎበዝ መካኒክ «አይስብም» የተባለ መኪና ሲመጣለት ቁልፍ ለማንሣት አይቸኩልም። «አስነሣው» ይላል። ከማርሚታው ኋላ ይቆምና ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጭሱን ያያል። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ካላባራ ወይ ናፍታው በሰዓቱ አልነደደም፣ ወይ ውኃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ መዳፉን ይደቅናል። እጁን የሚገፋ ትንፋሽ ካገኘው የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እየሾለከ ነው ማለት ነው። ከዚያ የአየር ፍልትሮውን ያወጣና አምፖል ከውስጥ ያበራበታል። ብርሃኑ በወረቀቱ አልፎ ካልታየ የበጋውን የመንገድ አፈር ሁሉ እዚያው ተሸክሞ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። የሚገኘው ግን ተርቦ ከሚሰጠው አይተናነስም። በተደፈነ ፍልትሮ፣ በሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ልኩን በሳተ ቫልቭ የሚሠራ አሮጌ ሞተር የፋብሪካ ጉልበቱ አብሮት የለም። ኖዝል አስፈትሾ፣ የቫልቭ ልክ አስተካክሎ፣ የፖምፓውን ጊዜ አስመልሶ የሚገኘው ጉልበት የራሱ የመኪናው ነው፤ ምንም ዓይነት ዕዳ የለውም። ፋሻው ያለቀ ሞተር ላይ ዕቃ መጨመር ግን የሚያፈስ ጋን ላይ ውኃ መገልበጥ ነው።

የቤንዚን መኪና ያለው፣ ላዳ ይሁን ዲኤክስ ወይም ፎልስ፣ የራሱ ጣጣ አለው። ካርቡራተር አየሩ እንደሳሳ አያውቅም፤ ቤንዚኑን ቆላ እንዳለ ይሰጣል። ቅይጡ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይባክናል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየርና የካንዴላውን ብልጭታ በጥቂቱ ማስቀደም ነው። ሳስ ያለ አየር ሞተሩን ስለማያንኳኳው ደጋ ላይ ይህን ይታገሣል። ወጪው ትንሽ ነው፤ በዚህ አካባቢ ለካርቡራተር መኪና ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ የለም። ቆላ የሚመላለስ ከሆነ ግን ወደ ልኩ መመለሱን መርሳት የለበትም።

መተንፈሻው

ከሚገጠሙ ዕቃዎች ሁሉ ዓይን የሚሞላው በመስታወቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣው ስኖርክል ነው። ወንዝ ለሚሻገር መኪና ሞተሩን ከውኃ ያድናል። ለደባርቅና ለጃናሞራ መንገድ ዋና ጥቅሙ ግን አቧራ ነው፤ ከፊት ያለው መኪና የሚያነሣው አፈር ጎማ አካባቢ ስለሚከብድ ከጣራ ከፍታ የሚሳብ አየር ይጸዳል፤ ፍልትሮም ይቆያል። ጉልበት ይጨምራል የሚለው ግን የሻጭ ወሬ ነው።

እየታጠበ በዘይት የሚነከር «ስፖርት» ፍልትሮም ይሸጣል። ለአስፋልት መኪና ክፉ አይደለም። አቧራ በሚበዛበት አገር ግን ብዙ አየር የሚያሳልፍ ፍልትሮ ብዙ አፈርም ሊያሳልፍ ይችላል፤ አፈር ደግሞ ፋሻና ሲሊንደር የሚበላ አሸዋ ነው። ንጹሕ የወረቀት ፍልትሮ በሰዓቱ መቀየር ይበልጣል።

ማርሚታን በሰፊ ቱቦ መቀየር ለአሜሪካው የጡንቻ መኪና ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነው፤ ትልቅ ሞተር በፍጥነት ሲሽከረከር ጭሱ መውጫ ይጠበዋል። ተርቦ ለሌለው ቀርፋፋ ናፍታ ሞተር ግን ጥቅሙ ጥቂት፣ ጩኸቱ ብዙ ነው። ዋልያና ጭላዳ ባለበት ፓርክ ውስጥ ያንን ጩኸት ይዞ መግባት በራሱ ነውር ነው። ሰፊ ማርሚታ ትርጉም የሚኖረው ተርቦ ከተገጠመ በኋላ ነው።

ቪቴውና ተርቦው

ናፍታ ፖምፓ ላይ ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን የሚወስን አንድ ቪቴ አለ። በአንዳንድ ጋራዥ «ጉልበት መጨመር» ማለት እሱን በካቻቢቴ መጠምዘዝ ሆኗል። የሚጨመረው ናፍታ ብቻ ነው። አየሩ ግን ቀድሞውኑ ጎድሏል። ስለዚህ ትርፉ የሚታየው በመስታወት ነው፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ከተከታዩ ሾፌር ስድብ። የማይታየው ደግሞ ሙቀቱ ነው፤ ቴስታታ የሚሰነጥቅና ፒስተን የሚያቀልጥ። ቶዮታ በአንዳንድ ፖምፓዎቹ ላይ ተቃራኒውን አድርጓል፤ ከፍታ ሲጨምር ናፍታውን በራሱ የሚቀንስ ማስተካከያ ገጥሞባቸዋል። ጋራዡ የሚከፍተውን ፋብሪካው አስቦ ዘግቶታል።

ተርቦ ሌላ ነገር ነው። በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ያስገባል። ደባርቅ ላይ ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ ደባርቅ ላይ 0.7 ቀርቷል። ተርቦው 0.3 ባር ቢጨምር ሞተሩ ልክ ምጽዋ እንዳለ ይተነፍሳል። ቴስታታውና ፒስተኑ የሚሸከሙት ጫና ፋብሪካው ካሰበላቸው ብዙም አይርቅም። ለደጋ ሰው ተርቦ ትርፍ ሳይሆን የተወሰደበትን የሚመልስ ካሳ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አደጋው ሲወርድ ይመጣል። ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚሸጡት ተርቦዎች አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ባር አካባቢ ይገፋሉ። ደባርቅ ላይ ድምሩ 1.2 ይሆናል። ያው መኪና ጭነት ይዞ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው የመተማ ወይም የሁመራ ቆላ ሲገባ የውጭው አየር ራሱ 0.9 ስለሚደርስ ድምሩ 1.4 ይሆናል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይወጣል። ዋን ኤች ዜድ ናፍታውን በቀጥታ ፒስተን ላይ አይረጭም፤ በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ያቃጥላል። ያ ክፍል ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲደርስበት ይሰነጠቃል። የመጨመቂያ ልኩም ወደ 22 ለ 1 የሚጠጋ ስለሆነ ለብዙ ግፊት የተሠራ አይደለም።

እዚህ ላይ ፋብሪካውን መጠየቅ ይበጃል። ቶዮታ ራሱ ይህን የሞተር ቤተሰብ ባለ ተርቦ ሲያደርገው በቡሎን ጨምሮ አልተወውም። ዋን ኤች ዲ ቲ በተባለው ሞተር ላይ አቃጠሉን ወደ ቀጥታ ቀየረው፤ የመጨመቂያ ልኩንም ወደ 18.6 ለ 1 አወረደው። ከዚያ በፊት በስድሳዎቹ ላይ ባለ 4 ሊትሩን ባለ ተርቦ ሲያደርግም አቃጠሉን ለውጧል። ሠሪው ፒስተኑን ካልለወጠ ተርቦ ያልደፈረበትን ሞተር፣ እኛ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በገዛነው አሮጌ ተርቦ ስናስጨንቀው ቢያንስ መፍራት አለብን።

መፍራት ማለት መተው ላይሆን ይችላል። ግፊቱ ከ0.4 ባር ካላለፈ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ዳሽቦርዱ ላይ ከተገጠመ፣ ሾፌሩም መርፌው ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግሩን ማንሣት ከለመደ፣ ተርቦው ደጋ ላይ ዕድሜ ያገኛል። ዳገት ጨርሶ ሲቆም ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋትም ግዴታ ነው፤ የተርቦው ዘንግ የሚቀዘቅዘው በሚዘዋወረው ዘይት ነው። መለኪያ የሌለው ተርቦ ዓይነ ስውር በቅሎ ነው፤ ገደል መድረሱ የሚታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው።

ያ ሁሉ ጉልበት የት ይገባል?

ተርቦ ከመግዛት በፊት አንድ ስሌት ይሠራ። ከነጭነቱ ሦስት ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር የሚወጣ ዳገትን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው ከ40 የፈረስ ጉልበት አያልፍም። ደባርቅ ላይ የቀረለት 90 ነው። እንግዲያው ሊማሊሞ ላይ የላንድክሩዘርን ፍጥነት የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን ኩርባው ነው። አንዱን እጥፋት ሳይጨርሱ ሌላው በሚመጣበት መንገድ ትርፍ ጉልበት የሚገባበት ቀጥ ያለ ስፍራ የለም።

ታዲያ መኪናው ለምን ይንፈራገጣል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጎማውና ከጣራው ነው። ለመልክ ተብሎ የተገጠመ በአሥር በመቶ የሚበልጥ ጎማ የማርሹን የመጎተት አቅም በአሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሾፌሩ በሁለተኛ የሚወጣውን ዳገት በአንደኛ ይወጣል፤ ፍሪሲዮኑም ይሸታል። ጣራ ላይ የተጫነው የብረት ፖርቶመጋላ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የናፍታ ጀሪካን፣ ከፊት የተበየደው ወፍራም የብረት መከላከያ ሲደመሩ 250 ኪሎ ቀልድ ነው። በሁለት ቶን ተኩል መኪና ላይ ያ ማለት ዳገት ላይ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ መስጠት ነው። የሚፈታ ዕቃ ከሚታሰር ዕቃ የበለጠ ጉልበት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ለዚያውም በነጻ።

አይሱዙ ግን ይለያል። ስምንት ቶን ሆኖ ያንኑ ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ የሚቀርለት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከልኩ በላይ ሲጫን አይበቃውም። ለእሱ ተርቦ ማሰብ ምክንያት አለው፤ ፋብሪካውም ባለ ተርቦ አድርጎ የሠራቸው አሉ። ለጭነት መኪና ግን ከሁሉ የሚቀድመው ማሻሻያ ሚዛን ላይ ማቆም ነው።

ውኃው በ88 ዲግሪ ይፈላል

ጨነቅ ላይ ሻይ የጣደ ሰው ውኃው ቶሎ እንደሚፈላ፣ ሻዩ ግን እንደሚዘገይ ያውቃል። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደባርቅ ላይ በ90 ግድም። የሞተር መደበኛ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ክዳኑ ስላለ ነው። ስፕሪንግ ያለው ክዳን ግፊት ይይዝና የመፍያውን ልክ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ሲሄድ ጤነኛ ይመስላል፤ ሳንካበር ሲደርስ ኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይነሣል። «ራዲያተሩ ተደፍኗል»፣ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» ተብሎ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ይቀየር። ከሚገጠሙ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ማስፈቻ ቁልፍ እንኳ አይፈልግም። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን እንዳይነካ።

ቁልቁለቱ

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ስለ መውጣት ነው። ሊማሊሞ የሚፈርደው ግን ሲወረድ ነው። ሦስት ቶን መኪና ከደባርቅ ወደ ዛሪማ አቅጣጫ 1,500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ማስወገድ ያለበት ጉልበት 150 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ ደባርቁ መፍያ ልክ ያሞቃል። ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ማለት ነው። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ያ ሁሉ እሳት በአራት ታምቡርና ዲስክ ላይ ያርፋል።

በዚያ ላይ ሾፌሮች እምብዛም የማያስቡት ነገር አለ፤ የፍሬኑ ሰርቮ ራሱ በአየር ይሠራል። በአንድ ወገኑ ባዶ ስፍራ፣ በሌላው የውጭ አየር አለ፤ እግርን የሚያግዘው የውጭው አየር ግፊት ነው። ያ ግፊት ደባርቅ ላይ በሰላሳ በመቶ ቀንሷል። እንግዲያው ከፍታው ሞተሩን ሲያደክም ፍሬኑንም አብሮ አድክሟል። ሞተሩን በተርቦ መልሶ ፍሬኑን እንዳለ የተወ ሰው የሚዛኑን አንድ ወገን ብቻ ጭኗል።

የፍሬን ዘይትም ያረጃል። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 በ205 ዲግሪ ሲፈላ እርጥበት የጠጣው በ140 ይፈላል፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጡ ያህል ይሰጥማል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ከሚሉት ሾፌሮች ብዙዎቹ የደረሰባቸው ይኸው ነው። ብዙ መኪና በዓመታት ውስጥ ይህን ዘይት ቀይሮ አያውቅም፤ ሲጎድል ብቻ ይጨመርበታል።

ስለዚህ በዚህ አገር ቀዳሚው ማሻሻያ እንዲህ ነው፦ አዲስ ዶት 4 ዘይት፣ ጥራት ያለው የፍሬን ሸራ፣ ያልተሰነጠቀ የፍሬን ቱቦ፣ የማያስተነፍስ ሰርቮ። ለናፍታ መኪና የጭስ መውጫውን በመዝጋት ሞተሩን መያዣ የሚያደርገው ዕቃ ሊጨመር ይችላል፤ አይሱዙዎቹ ብዙ ጊዜ ይዘውት ይመጣሉ፣ ተበላሽቶ ተነቅሎ የሚሄደው ግን ብዙ ነው። የድሮ ሾፌሮች ሕግም አልተሻረም፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።

ከባልስትራና ከአሞርዛቶር ጋር የሚገጠመው መኪና ማንሻም እዚሁ ይነሣል። ከፍ ያለ መኪና ድንጋይ ያልፋል፤ ኩርባ ላይ ግን ቶሎ ይገለበጣል። አምስት ሳንቲ ሜትር ለፓርኩ መንገድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለፎቶ ነው።

ሊብሬና ኪስ

የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በሊብሬ ላይ ይመዘገባል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ ምርመራን አስገዳጅ አድርጓል። ፍልትሮ፣ ክዳን፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ማንንም አያስጠይቅም። ሞተር በሌላ ሞተር መተካት ግን ቁጥሩን ይለውጣል፤ ሊብሬ ሳይስተካከል መንገድ ላይ ከተያዘ ወይም አደጋ ከደረሰ ጣጣው ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ባለ ተርቦ ሙሉ ሞተር ሊያስገባ ካሰበ ከመካኒኩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። ቴክኒኩን በሚመለከት ግን፣ ፋብሪካው ለተርቦ ያዘጋጀው ሙሉ ሞተር አሮጌው ላይ ተርቦ ከመለጠፍ የተሻለ መሆኑ አያከራክርም።

አየር የማይበላ ሞተር

በአሜሪካ ኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ፤ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና ውድድር ይደረግበታል። ማብቂያው 4,302 ሜትር ላይ ነው፤ ከቧሂት በር ጋር የሚቀራረብ። ለብዙ ዓመት መሐንዲሶች የሳሳውን አየር በትልልቅ ተርቦ ሲታገሉት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የፎልክስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ከስምንት ደቂቃ በታች ወጥቶ የሁሉንም ሰዓት ሰበረ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና ጫፍ ሲደርስም ጉልበቱ ያው ነበር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ የሰባቱ ጀሪካን እሳት በከፊል ወደ መብራት ይመለሳል። በከፍታ ሚዛን ከታየ ለስሜን የተፈጠረ መኪና ነው። የቻርጅ ማድረጊያው ነገር ከመስመሩ እስኪደርስ ድረስ ግን የተራራውን ጭነት የሚሸከሙት እነዚያው አሮጌዎቹ ናቸው።

ፍርዱ

ለደባርቅና ለዳባት ባለመኪና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ ፍሬንና የፍሬን ዘይት። ሁለተኛ የራዲያተር ክዳንና ውኃ። ሦስተኛ ፍልትሮ፣ ኖዝል፣ የቫልቭ ልክ። አራተኛ ከጣራው ላይ የማያስፈልገውን ማውረድና ጎማን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ። ስኖርክል የሚገጥም ለአቧራው ብሎ ይግጠም። ተርቦ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከነመለኪያው፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ፋሻው ጤነኛ በሆነ ሞተር ላይ ብቻ ነው። የፖምፓ ቪቴ መጠምዘዝ ደግሞ ከዝርዝሩ ውጭ ይሁን።

ተርቦ ሊገዛ ገንዘብ ቋጥሮ ወደ ሶማሌ ተራ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ካለ፣ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት የፍሬን ዘይቱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ ያስታውስ። ካላስታወሰ መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ታውቋል።